ቴርሞስታቱ ሲጠፋ ከየት ይጀመራል?

በአሜሪካ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚታየው ስማርት ቴርሞስታት ሶኬት ላይ አይሰካም። ኃይሉን የሚያገኘው ምድር ቤት ወይም ጓዳ ውስጥ ካለው ማሞቂያ፣ ፈርነስ ከምንለው፣ በቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ፈርነሱ ውስጥ ያለ ትንሽ ትራንስፎርመር የቤቱን 120 ቮልት ወደ 24 ቮልት ዝቅ አድርጎ ይልክለታል። ስለዚህ ስክሪኑ ጠቁሮ ሲገኝ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፈርነሱ በኩል ነው። ይህን ሳያውቅ አዲስ ቴርሞስታት የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ አዲሱም ኃይል አጥቶ እንደ አሮጌው ጠቁሮ ይቀራል።

የቀድሞዎቹ ቴርሞስታቶች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ሄንሪ ድሬይፈስ የነደፈውና ሃኒዌል በ1953 ለገበያ ያቀረበው ክቡ ቴርሞስታት ለራሱ ምንም ኤሌክትሪክ አይፈልግም ነበር። ውስጡ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው የተጠቀለሉበት ጠመዝማዛ አለ። ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ጠመዝማዛው ይንቀሳቀሳል፤ በመስታወት ብልቃጥ ያለው ሜርኩሪም ወዲያና ወዲህ እየፈሰሰ ሽቦዎቹን ያገናኛል፣ ያለያያል። ማሞቂያ ብቻ ላለው ቤት ሁለት ሽቦ ይበቃ ስለነበር ብዙ ቤቶች ሲሠሩ ከዚያ በላይ አልተቀበረባቸውም። በ2011 ኔስት የተባለው ስማርት ቴርሞስታት ሲመጣ ግን ስክሪንና ዋይፋይ ያለው፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ኮምፒውተር በዚያው በአሮጌ ሽቦ ላይ ተሰቀለ።

ሽቦዎቹ በፊደል ይታወቃሉ። አር ኃይል ያመጣል፣ ደብሊው ማሞቂያውን፣ ዋይ ማቀዝቀዣውን፣ ጂ ማራገቢያውን ያዛል። ሲ የሚባለው ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለስበት ነው። ሲ በሌለበት ቤት ኔስት በዋይ ወይም በደብሊው ሽቦ በኩል ማሽኑን የማያስነሳ ጥቂት ኃይል እየወሰደ በውስጡ ያለውን ባትሪ ይሞላል። ይህ ዘዴ በአንዳንድ ቤቶች ለዓመታት ያለችግር ይሠራል። በሌሎቹ ግን ፈርነሱ ያቺን ጥቂት ኃይል እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ማራገቢያው ተነስቶ ይቆማል፤ ወይም ባትሪው ቀስ በቀስ አልቆ መጀመሪያ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ስክሪኑ። በጥር 2016 የኔስት ሶፍትዌር ላይ በተፈጠረ ስህተት ባትሪዎች አልቀው ብዙ ቤቶች በክረምት መሀል ቀዝቅዘው አድረዋል። ሌላው የስማርት ቴርሞስታት አምራች ኢኮቢ የመረጠው የተለየ መንገድ ነው፤ ሲ ሽቦ ለሌለው ቤት ፈርነሱ ላይ የሚገጠም ትንሽ ማገዣ ዕቃ አዘጋጅቷል። በእኔ እምነት ሲ ሽቦ ከሌለ ከሁሉ በፊት የሚደረገው እሱን ማግኘት ነው።

ኔስት ካላችሁ ከቅንብሩ ውስጥ ቴክኒካዊ መረጃ የሚለውን ክፈቱና የባትሪውን ቮልት እዩ። ከ3.6 በታች ከወረደ ኃይል በበቂ ሁኔታ እየደረሰው አይደለም። የቀደሙትን ሞዴሎች ከግድግዳው ነቅሎ ከጀርባቸው በስልክ ቻርጀር መሙላት ይቻላል። ይህ ለጊዜው ያስነሳዋል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም።

ምክንያቱ የሚፈለገው ፈርነሱ ዘንድ ነው። ብሬከሩን እዩ። ፈርነሱ አጠገብ የመብራት ማብሪያ የሚመስል ማጥፊያ አለ፤ ዕቃ ሲቀመጥ ተነክቶ ሊጠፋ ይችላል። የፈርነሱ ክዳንም በደንብ ካልገጠመ ከሥሩ ያለው የደኅንነት ቁልፍ ኃይሉን ይቆርጣል።

በበጋ ሙቀት የሚጠፋ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ውሃውን ጠርጥሩ። ማቀዝቀዣው ከአየሩ የሚያወጣው እርጥበት ውሃ ሆኖ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይወርዳል። ቱቦው በአረንጓዴ ዝቃጭ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይሞላል፤ ቤቱ እንዳይበሰብስ ተብሎ የተገጠመ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያም ከፍ ብሎ ኃይሉን ያቋርጣል። በብዙ ቤቶች የሚያቋርጠው ወደ ቴርሞስታቱ የሚሄደውን የአር ሽቦ ስለሆነ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ሰው ቴርሞስታቱ ተቃጠለ ይላል፤ መፍትሔው ግን ውሃ በሚስብ ቫኪዩም ቱቦውን ከውጭ በኩል መሳብ ሊሆን ይችላል። እንደ ዋሽንግተን አካባቢ እርጥበት በሚበዛበት ስፍራ ይህን በየበጋው መጀመሪያ ማድረግ ጥሩ ነው።

ሌላው የፈርነሱ ሰሌዳ ላይ ያለው ፊውዝ ነው። የመኪና ፊውዝ ዓይነት ሲሆን፣ ሐምራዊው 3 አምፔር፣ ፈዛዛ ቡናማው 5 አምፔር ነው። ተቃጥሎ ሲገኝ በዚያው መጠን ይተካ። እንደገና ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተላልጦ ተነካክቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ውጭ ወዳለው ማሽን የሚሄደው ነው። ትልቅ ፊውዝ ማስገባት ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል።

ቴስተር ያለው ሰው በአርና በሲ መካከል ይለካ፤ ከ24 እስከ 28 ቮልት ከተገኘ ደህና ነው። ፈርነሱ ላይ ኖሮ ግድግዳው ላይ ከሌለ መሀል ላይ ያለው ሽቦ ተቆርጧል ወይም ተንሳፋፊው መቆጣጠሪያ ኃይሉን አቋርጧል። ሲ የለኝም የምትሉም ቴርሞስታቱን ነቅላችሁ ከኋላው እዩ፤ ሳይሠራበት የተጠቀለለ ትርፍ ሽቦ ሊኖር ይችላል። እሱን ስትቀጥሉ ፈርነሱ ላይም በሲ ቦታ መታሰሩን አረጋግጡ፣ ብዙዎች ይህን ይረሱታል። ትርፍ ሽቦ ካልተገኘ ሶኬት ላይ የሚሰካ የ24 ቮልት ትራንስፎርመር ይሸጣል።

ማንኛውንም ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ከግድግዳው የሚወጡት ሽቦዎች ወፋፍራም ከሆኑ ግን 120 ወይም 240 ቮልት የተሸከሙ ስለሚሆኑ አትንኳቸው፤ እነዚህ ቴርሞስታቶች ለእንዲህ ዓይነት ማሞቂያ አልተሠሩም።

በየቤታችን ከአገር ቤት መጥተው የልጅ ልጅ የሚጠብቁ እናቶችና አባቶች ቀኑን ብቻቸውን ይውላሉ። ክረምቱ ሳይገባ ብሬከሩንና የፈርነሱን ማጥፊያ አሳዩዋቸው፤ የጥገና ባለሙያውን ስልክ ቁጥርም በአማርኛ ጽፋችሁ ፈርነሱ ላይ ለጥፉላቸው።