አንዱ ክፍል ሌላውን ሲቆርጥ፦ የኦቾሎኒ መፈልፈያ ንድፍ በኮምፒውተር እንዴት ይሠራል?

ሐረር፦ በምሥራቅ ሐረርጌ ባቢሌ፣ ፈዲስና ጉርሱም ወረዳዎች ኦቾሎኒ አርሶ አደሩ ለገበያ ከሚያቀርባቸው ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። ቅርፊቱን በእጅ መፈልፈል ግን ብዙ ጉልበትና ጊዜ ይጠይቃል። ሥራው እንዲቀል ቅርፊቱን በውኃ የማለስለስ ልማድ አለ፤ እርጥበቱ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው ሻጋታ እንዲራባ ያመቻቻል። ይህ መርዝ በአካባቢው ኦቾሎኒ ላይ እንደሚገኝ በጥናት ተረጋግጧል። ጉበትን የሚጎዳና ለካንሰር የሚያጋልጥ በመሆኑ የጤና ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነው።

መፍትሔው ደረቁን ኦቾሎኒ የሚፈለፍል ማሽን ነው። ሆኖም ማሽኑ ፍሬውን የሚሰባብር ከሆነ ችግሩ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይወገድም። የተሰበረ ፍሬ ለዘር አይሆንም፤ ሻጋታም በቀላሉ ይገባዋል።

ክፍተቱ ወሳኝ ነው

የተለመደው መፈልፈያ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው የሚሽከረከር ከበሮ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሥሩ እንደ ግማሽ ክብ የተቀመጠ ወንፊት ነው። ኦቾሎኒው በሁለቱ መካከል ሲታሽ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ክፍተቱ ከሰፋ ሳይፈለፈል ያልፋል፤ ከጠበበ ፍሬው ይደቅቃል።

ለምሳሌ ያህል የከበሮው ዲያሜትር 300 ሚሊ ሜትር፣ የሚፈለገው ክፍተት ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የከበሮው ሬዲየስ 150 ስለሆነ የወንፊቱ የውስጥ ሬዲየስ 166 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሠሪው በገበያ ያገኘው ቧንቧ 320 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከበሮውን ብቻ ቢለውጥና ወንፊቱን ቢረሳ፣ ክፍተቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስለው ለውጥ ሙሉ የፍሬ ጭነት ያደቅቃል።

ከበሮው ወንፊቱን ይቁረጠው

በኮምፒውተር የሚሠራው ፓራሜትሪክ ንድፍ ይህን ስህተት ለመከላከል ያስችላል። ፓራሜትሪክ ማለት ቅርጹ በቋሚ መስመር ሳይሆን በሚለወጡ ልኮችና በመካከላቸው ባለው ዝምድና የሚገለጽበት አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮ ኢንጂነር የተባለው ሶፍትዌር አሠራሩን በኢንዱስትሪው ዘንድ አስፋፍቶታል።

በዚህ አሠራር ንድፍ አውጪው የወንፊቱን ሬዲየስ በእጁ አይጽፍም። በመጀመሪያ ወንፊቱን እንደ ወፍራም ጥፍጥፍ አካል ያዘጋጃል፤ ከበሮውንም በቦታው ይገጥማል። ከዚያም የከበሮውን ቅርጽ ከወንፊቱ ላይ እንዲቀንስ ሶፍትዌሩን ያዝዛል። ሊጥ ላይ ጣሳ ተጭኖ ሲነሣ ቅርጹን እንደሚተወው ሁሉ፣ ከበሮው በወንፊቱ ውስጥ ቦታውን ይቀርጻል። የከበሮው ልክ ሲለወጥ ቁርጡም አብሮ ይስተካከላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆራጩ ራሱ ከበሮው ከሆነ ሁለቱ ክፍሎች ያለ ክፍተት ይጣበቃሉ፤ በከበሮው ላይ የተበየዱት መምቻ ብረቶችም አሻራቸውን በወንፊቱ ላይ ያትማሉ። ስለዚህ ቆራጭ የሚሆነው ከበሮው ሲሽከረከር የሚሸፍነው ሙሉ ክብ፣ የሚፈለገው ክፍተት ተጨምሮበት ነው። በሶሊድወርክስ ውስጥ ካቪቲ የተባለው ትእዛዝ ቅርጹን በመቶኛ የሚያሳድግ በመሆኑ ይበልጥ የሚስማማው ለቅርጽ ማውጫ ሻጋታ ነው። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ክፍተት ለማግኘት ኢንደንት የተባለው ይመረጣል።

የትስስሩ አደጋ

አንዱን ክፍል በሌላው መቁረጥ ክፍሎቹን ያስተሳስራል፤ ትስስሩም የራሱ መዘዝ አለው። የከበሮው ፋይል ስሙ ቢቀየር ወይም ወደ ሌላ ማህደር ቢዛወር ወንፊቱ ቆራጩን ያጣል። ከበሮው በንድፉ ላይ ሳይታሰብ ቢንቀሳቀስ ቁርጡም ተከትሎት ይሄዳል። ከበሮው በወንፊቱ፣ ወንፊቱም በከበሮው ላይ እንዲመሠረቱ ከተደረገ ደግሞ ሶፍትዌሩ መነሻ የሌለው ክብ ውስጥ ይገባል። ያው ወንፊት በሌላ ማሽን ላይም የሚያገለግል ከሆነ፣ በአንዱ ማሽን የተደረገ ለውጥ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

በዚህ ምክንያት ጥንቁቅ ንድፍ አውጪዎች ዋና ዋና ልኮችን በአንድ ሰንጠረዥ ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱም ክፍሎች ልካቸውን ከዚያ ይወስዳሉ። ንድፉ ወደ ወርክሾፕ ከመላኩ በፊትም ትስስሩ ይቆለፋል።

ከስክሪን ወደ ወርክሾፕ

ኮምፒውተሩ የቆረጠው ቅርጽ በብረት ላይ እንዳለ አይገኝም። ላሜራ ሲጠቀለል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብየዳም በሙቀቱ ያጣምመዋል። ኩሽኔታውም ሲያረጅ ከበሮው ይወዛወዛል። በመሆኑም ጥሩ ንድፍ ወንፊቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ማስተካከያ ብሎኖች ይኖሩታል። አርሶ አደሩ እንደ ዝርያው መጠን ክፍተቱን እንዲያስተካክል የሚያስችሉትም እነዚሁ ናቸው።

ዕውቀቱና መሣሪያው ከአካባቢው የራቁ አይደሉም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት በስሙ ግብርናንና የሜካኒክ ጥበብን አጣምሮ የያዘ ኮሌጅ ነበር። ፍሪካድ የተባለው ሶፍትዌርም ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 1.0 እትሙ ክፍሎችን የመገጣጠሚያ መሣሪያ ተካቶበታል። ላሜራ ቆርጦ ከመበየድ በፊት ክፍተቱን በስክሪን ላይ መፈተን ለአንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ብረትና ጊዜ ይቆጥባል። ለአርሶ አደሩ ደግሞ ትርፉ ሳይረጥብና ሳይሰበር ገበያ የሚደርስ ፍሬ ነው።