የተዘጋው በማን በኩል ነው? ስለ ሊኑክስ ላፕቶፕና ስለ ጠፋው ዋይፋይ

ከማርቲንዴል፣ ካልጋሪ (ካናዳ)

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት የሚውጠውስ? ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ እንደ ወትሮው ፖለቲካ አይደለም። በሊኑክስ የሚሠራ ላፕቶፕ ገመድ አልባውን ኢንተርኔት፣ ማለትም ዋይፋዩን፣ አልይዝ ሲል ምን መደረግ እንዳለበት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ በርካሽ ገዝታችሁ ሊኑክስ የጫናችሁ ወገኖች በየጊዜው እየደወላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ፖለቲካው በመሐል ከገባ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የዘመኑ ነው።

ያቺ ቅዳሜ ማታ

ቀኑ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13፣ 2024) ነበር። እዚህ አልበርታ ውስጥ ብርዱ ከዜሮ በታች ከ30 ዲግሪ አልፎ ነበር። አመሻሹ ላይ የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የክፍለ ሀገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ሊያልቅ ስለተቃረበ ነዋሪው የማያስፈልገውን መብራትና ዕቃ ሁሉ እንዲያጠፋ የሚያሳስብ የአደጋ ጊዜ መልእክት ነው። ሕዝቡም ሰማ፤ በደቂቃዎች ውስጥ የኃይል ፍላጎቱ ከ100 ሜጋ ዋት በላይ ወረደ። ከላይ ያሉት ፑንጃቢ አከራዮቼ መብራታቸውን አጠፉ፤ እኔም ቤዝመንቴ ውስጥ አንዷን አምፖል ብቻ ትቼ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። ከወር በላይ ክዳኑን ብቻ እየዘጋሁ የማስተኛትን ላፕቶፕም ሙሉ በሙሉ አጠፋኋት። ይህችን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ።

በዚያው ሌሊት ቀጠሮ ነበረኝ። ጎንደር ያለችው የእህቴ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አውሮፓ ልታመለክት ነበር፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በማግስቱ እሑድ ነው። እንደምታውቁት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ልጅቱ አንድ ደግ ሰው ፈቅዶላት፣ የገመድ ኢንተርኔት ባለው መሥሪያ ቤት እሑድ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት አንድ ኮምፒዩተር አገኘች። በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው፤ የአሥር ሰዓት ልዩነት አለን። የማመልከቻ ጽሑፏን በስልክ እየነገረችኝ ያረምኩት እኔ ነኝ፤ የተስተካከለው ቅጂ ያለው በዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፗን ከፈትኳት። ዋይፋይ የለም። ደካማ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምልክቱ ራሱ ከማያው ጥግ ጠፍቷል።

ከምርመራ በፊት ክስ

እውነቱን ልናገርና፣ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ምንም አልመረመርኩም፤ የሠራሁት መክሰስ ብቻ ነው። መጀመሪያ የኢንተርኔት ኩባንያውን ከሰስኩ፤ በኃይል እጥረቱ ሰበብ ዘግተውታል አልኩ። ቀጥዬ አከራዮቼን፤ የይለፍ ቃሉን ቀይረውብኛል አልኩ። በመጨረሻም፣ ለመናገር አፍራለሁ፣ «እነዚያ ሰዎች ደርሰውብኛል» የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ይህ ጥርጣሬ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ከሰኔ 1997 እስከ መስከረም 2000 ዓ.ም. ተዘግቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ከግንቦት 1998 ጀምሮ የተቃውሞ ድረ ገጾች አገር ቤት እንዳይነበቡ ታገዱ፤ 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች መከፈታቸው የተነገረው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ነበር። ስለላውም ቢሆን በማስረጃ የተደገፈ ነው፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገውን ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር፣ በ2014 ደግሞ በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተላከውን የሃኪንግ ቲምን ምርት አጋልጧል። እኔም ወደ ሊኑክስ የዞርኩት ያኔ ነው። ሊኑክስ ከስለላ ሙሉ በሙሉ ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሮጣል፣ ውስጡም ለሚያነብ ሁሉ ክፍት ነው። የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ነው። እኔ የምጠቀምበት ኡቡንቱ የተባለው ዓይነት ደግሞ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ጀማሪነት በ2004 የወጣ ሲሆን፣ ስሙም አፍሪካዊ ነው።

ይሁን እንጂ ዘራፊ ጎረቤት መኖሩ የጠፋውን በሬ ሁሉ እሱ ወሰደው አያሰኝም። ወደ ገደለው እንግባ።

ስድስቱ ኬላዎች

ከጎንደር የተላከ አንድ ቃል ማርቲንዴል እስኪደርስ ብዙ ኬላ ያልፋል። የመላው ምስጢር ኬላዎቹን ከራስ አጠገብ ጀምሮ በተራ መፈተሽ ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሚቀጥለው አለመዝለል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጣቸዋለሁ። እናንተ ግን ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ጻፏቸው።

አንደኛ፦ ችግሩ የቤቱ ነው ወይስ የላፕቶፑ? ስልካችሁን ያዙና የሞባይል ዳታውን አጥፍታችሁ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ አንድ ገጽ ክፈቱ። ስልኩ ከሠራ ኩባንያውም ሆነ አከራዩ ነፃ ናቸው። የእኔ ስልክ ሠርቷል። የሠላሳ ደቂቃው ክሴ በአሥር ሰከንድ ፈረሰ።

ሁለተኛ፦ የላፕቶፑ ሬዲዮ ተዘግቶ ይሆን? «አርኤፍኪል ሊስት» ብላችሁ ጻፉ። «ሶፍት ብሎክድ» በሚለው ፊት «የስ» ካለ የተዘጋው በሶፍትዌር ነው፤ «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። «ሃርድ ብሎክድ» ካለ ግን ትእዛዝ አይሰማም። አንዳንድ ላፕቶፕ ጎኑ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ሌላው ደግሞ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለው። ልጆች ነክተውት ስንቱ አባወራ አዲስ ካርድ ሊገዛ ተነስቷል!

ሦስተኛ፦ ላፕቶፑ የዋይፋይ ካርዱን ያየዋል? «ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ» የሚለውን ጻፉና አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና «ኬ» ጨምሩ። በውጭ የሚሰካ ካርድ ከሆነ «ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ» ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የካርዱ ስም ጨርሶ ከሌለ ካርዱ ላልቷል፣ ሞቷል፣ ወይም በማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ተዘግቷል። ስሙ ካለ፣ ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ፈልጉ። የእኔ ካርድ ስሙ አለ፤ መስመሩ ግን የለም። ካርዱ በሕይወት አለ፣ የሚያናግረው አስተርጓሚ ግን ቀርቷል ማለት ነው።

አራተኛ፦ አስተርጓሚው፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ የት ሄደ? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በሊኑክስ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። የሊኑክስ እምብርት ከርነል ይባላል። ዝማኔ ሲመጣ አዲሱ ከርነል ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል እንጂ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ሥራ አይጀምርም። ከአምራቹ በዝግ የሚመጣ ድራይቨር ደግሞ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገጣጠም አለበት። ይህን የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ከከርነሉ ጋር የሚሄዱት «ሄደርስ» የተባሉ ፋይሎች ከሌሉ ሥራውን ትቶ ዝም ይላል። እንደ ኢንቴል ያሉ አምራቾች ድራይቨራቸው ክፍት ሆኖ ከራሱ ከከርነሉ ጋር ስለሚመጣ ይህ ጣጣ ብዙም አይነካቸውም። ላፕቶፕ ስትገዙ ይህን አስቡ። «ዲ-ሜሴጅ» የሚለው ትእዛዝ ማሽኑ ሲነሳ የተናገረውን ሁሉ ያሳያል፤ ካርዱ ላይ የሚጫነው ፈርምዌር ጎድሎ ከሆነም ስሙን እዚያ ታገኙታላችሁ።

አሁን ያቺን ነጥብ አስታውሱ። አዲሱ ከርነል ላፕቶፔ ውስጥ ከገባ ሳምንታት አልፈውት ነበር። ክዳን እየዘጋሁ ስለማስተኛት ግን አሮጌው ሲሠራ ቆየ። በብርዱ ምክንያት ሳጠፋትና ስከፍታት ለመጀመሪያ ጊዜ አዲሱ ተነሳ፣ ድራይቨሩም ቀረ። ጥፋቱ የተፈጸመው ከሳምንታት በፊት፣ ያውም በራሴ እጅ «አዎ፣ አዘምን» ብዬ ነው፤ የታየው ግን ያን ማታ ነው።

ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ማሽኑ ሲነሳ «ሺፍት» ወይም «ኢስኬፕ» ተጭኖ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ አሮጌውን ከርነል መምረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን መክፈት ነው። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ቆጥሮ ወዲያው ኢንተርኔት ያገኛል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ገመዱ ያን ሁሉ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ዘላቂው ፈውስ «ሊኑክስ ሄደርስ» የሚባለውን ጥቅል ለአዲሱ ከርነል መጫንና ድራይቨሩን እንደገና ማስገባት ነው፤ በኡቡንቱ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለው መስኮት ያግዛል። «ሴኪዩር ቡት» የተባለው ጥበቃ በርቶ ከሆነ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ሊከለክል እንደሚችልም አትርሱ።

አምስተኛ፦ ዋይፋዩ ይይዛል፣ ግን ምንም አይከፈትም? «አይፒ ኤ» ብላችሁ አድራሻችሁን እዩ። ብዙውን ጊዜ በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ደህና ነው። በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ አድራሻ አልሰጣችሁም፤ ኔትወርኩን «ፎርጌት» ብላችሁ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገቡ። እንደ እኔ ቤዝመንት ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ከ5 ጊጋሄርትዝ ይልቅ 2.4 ጊጋሄርትዙን ሞክሩ፤ ይዘገያል እንጂ ግድግዳና ወለል አልፎ ይመጣል።

ስድስተኛ፦ አድራሻውም አለ፣ ገጹ ግን እምቢ አለ? «ፒንግ» የሚለውን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ በራውተሩ ቁጥር (ለምሳሌ 192.168.1.1)፣ ቀጥሎ በ8.8.8.8፣ በመጨረሻም በአንድ ድረ ገጽ ስም። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ችግሩ ከቤት ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልታወቀ ደግሞ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ታሟል።

ብልሽትና እገዳ እንዴት ይለያሉ?

ይህ ስድስተኛው ኬላ አገር ቤት ላሉት ወገኖቻችንም ይጠቅማል። አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ከተቸገረ በቅድሚያ መሣሪያው ይፈተሽ። ሌላው ዓለም ሁሉ ተከፍቶ ተለይተው የተመረጡ ገጾች ብቻ እምቢ ካሉ ማጣሪያ መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። በአንድ አካባቢ የሁሉም ሰው የሞባይል ኢንተርኔት በአንድ ሰዓት ጠፍቶ የገመዱ መስመር እየሠራ፣ ነገሩም ለሳምንታት ከቀጠለ ግን ያንን ብልሽት ብሎ የሚያልፍ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። እገዳን የምናጋልጥ ሰዎች ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው መስመር እንደጠፋና የትኛው እንዳልጠፋ ጽፈን መያዝ ይኖርብናል። ያልተመረመረ ክስ ለከሳሹ አይበጅም፤ አንድ ጊዜ በሐሰት ከጮህን እውነተኛው ሲመጣ የሚሰማን አናገኝም።

ልጅቱስ?

በስልኩ ገመድ የተገናኘሁት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ልጅቱ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ዘጉት ብዬ ልሄድ ስል ደረስክ» አለችኝ።

ሃያ ደቂቃ ሙሉ አገር ቤት ያሉትን ስትረግም ቆይታለች። የእሷ መስመር ግን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም ነበር፤ የተዘጋው በእኔ በኩል ነው። ጽሑፏን ላክሁላት፣ በቀረችን አርባ ደቂቃ ፎርሙን ሞላን፤ ሰዓቷ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጽ መልእክት መጣላት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ስነግራት ሳቀች። «ታዲያ ያስተማርካቸው ልጆች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉሃል?» አለችኝ። እኔም ይኸው ነገርኳችሁ።

ድራይቨሩን ያስተካከልኩት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። አምፖሏን ግን አንድ ብቻ እንደሆነች ተውኳት።

ቸር ይግጠመን!