የበርካ መጠን አወሳሰንና የውኃ ማጣራት በሐርተሼክና አካባቢው

ሐርተሼክ የሚገኝበት የሐውድ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የከርሰ ምድር ውኃውም በእጅ ተቆፍሮ ከሚደረስበት ጥልቀት በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ሶማሊያ የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች በሰፈሩበትና በዘመኑ ከዓለም ግዙፎች አንዱ በነበረው የሐርተሼክ መጠለያ ጣቢያ፣ የመጠጥ ውኃ ከጅግጅጋ አቅጣጫ በቦቴ ይመላለስ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘግቷል። የነዋሪው ዋነኛ መተማመኛ ግን ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ በኋላ በርካ ነው፤ ይኸውም በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው።

በርካ ለማስገንባት የሚነሳ ቤተሰብ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ወጪው ነው። መቅደም ያለበት ግን የጂላልን ወራት ለመሻገር ስንት ሊትር ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ነው። ሰባት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢመደብለት በ120 የደረቅ ቀናት 12,600 ሊትር ይጠቀማል። ሃያ ፍየሎች ለእያንዳንዳቸው በቀን 5 ሊትር ቢታሰብ 12,000 ሊትር ይጠጣሉ። ድምሩ ከ25 ሜትር ኪዩብ ጥቂት የሚያንስ በመሆኑ ብዙዎች 25 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ገንዳ ይበቃል ብለው ይደመድማሉ። ስሌቱ ፀሐይንና ደለልን ስለሚረሳ ውኃው ከወቅቱ እኩሌታ በኋላ ያልቃል።

ክፍት ከሆነ በርካ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውኃ ይተናል ቢባል በ120 ቀናት 72 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ይጠፋል። ስለዚህ ቅርጹ ከይዘቱ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። 5 በ4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው በርካ 60 ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ በትነት 14.4 ያጣል፤ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ለደለል ቢተው ደግሞ 10 ይቀነሳል። ለቤተሰቡና ለፍየሎቹ ከ35 ሜትር ኪዩብ በላይ ይቀራል። ይኸው 60 ሜትር ኪዩብ በ8 በ5 ሜትር ስፋትና በ1.5 ሜትር ጥልቀት ቢሠራ ግን ትነቱ 28.8፣ ለደለል የሚተወው 20 ይሆናል፤ የሚቀረው 11 ሜትር ኪዩብ ያህል ብቻ ነው። ቁፋሮው ቀላል ስለሚሆን ጥልቀት የሌለውን የሚመርጡ አሉ። ምርጫው ቁጠባ ቢመስልም ከጂላል አጋማሽ በኋላ ውኃ ከቦቴ መግዛትን ያስከትላል።

የገንዳው ትልቅነትም ውኃ ከሚሰበሰብበት መሬት ጋር መመጣጠን አለበት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና አንድ አምስተኛው ብቻ ወደ በርካው ከፈሰሰ፣ 60 ሜትር ኪዩብ ለመሙላት አንድ ሄክታር ተኩል መሬት ያስፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው የከተማ ቤቶች ከጣሪያቸው አብዛኛውን ዝናብ ስለሚያገኙ በአነስተኛ ሮቶ ሊጀምሩ ይችላሉ።

በርካን መክደን የሚመከረው ለትነት ብቻ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ክልል በቀብሪደሃር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጅግጅጋን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ታይታለች። ይህች ትንኝ ሰዎች ውኃ በሚያጠራቅሙባቸው በርካዎች፣ ጋኖችና በርሜሎች ትራባለች። በመሆኑም ረግረግ የሌለበት ደረቅ ከተማ ከወባ ነፃ ነው የሚለው የቆየ ግምት አያስተማምንም። ክዳኑ ክፍተት ካለው ክፍተቱ በጥቅጥቅ ወንፊት ሊሸፈን ይገባል። ክዳኑና አጥሩ ሕፃናትንም ከመስጠም ይጠብቃሉ።

ማጣራት የሚጀምረው ጎርፉ ወደ በርካው ከመግባቱ በፊት ነው። የወቅቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ፍግና ቆሻሻ ጠርጎ ስለሚመጣ መግቢያው ተዘግቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያልፍ ይደረጋል። ከመግቢያው ፊት የሚሠራው የደለል ማቆያ ጉድጓድ ረዘም ሲል ጎርፉ ዝግ ይላል፤ አፈሩም እዚያው ይዘቅጣል። ጉድጓዱ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ካልተጠረገ ግን ጥቅም የለውም። እንስሳት ከበርካው አፍ መጠጣት የለባቸውም፤ ራቅ ብሎ በተሠራ ገንዳ ውኃ ሊቀዳላቸው ይገባል።

እነዚህ ሁሉ ቢሟሉም የበርካ ውኃ ሳይታከም አይጠጣም። በገበያ የሚገኙት እንደ ውኃ አጋር ያሉ የክሎሪን ውህዶች በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ኃይላቸው ይዳከማል፤ ጀርሞች በአፈሩ ቅንጣት ይከለላሉና። ስለሆነም ውኃው አንድ ሌሊት ረግቶ ከላይ ይቀዳል፣ በተደራረበ ንጹሕ ጨርቅ ወይም በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል፤ ከዚያም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ክሎሪን ተጨምሮበት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆያል። የአሸዋ ማጣሪያ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች አሸዋው ዘወትር በውኃ ተሸፍኖ መቆየቱን ማረጋገጥ አለባቸው። ጀርሞችን የሚይዘው በአሸዋው ገጽ ላይ የሚፈጠረው ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ እስኪዳብር ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ በነዚያ ሳምንታት ክሎሪኑን ወይም ማፍላቱን መተው አደገኛ ነው።

በጂላል ማብቂያ ላይ በርካው ጭልጥ ብሎ እንዲደርቅ መተው አይመከርም፤ ልስኑ በፀሐይ ይሰነጠቃልና። ደለሉ ዝናብ ሊገባ ሲቃረብ ይጠረጋል፤ ስንጥቆችም በዚያው ጊዜ በሲሚንቶ ይደፈናሉ። የተከደነ በርካ ውስጥ ለጽዳት ከመግባት አስቀድሞ ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። በቤንዚን የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወደ ውስጥ ማውረድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለበት ሠራተኛው ለመውጣት ጊዜ ሳያገኝ ራሱን ሊስት ይችላል።