የሞተር ሳይክል ስፒከር፦ ከዋቱ በፊት ቦታው
ደንበኞቼ ሞተራቸው ላይ ሙዚቃ ሊያስገጥሙ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ቆሞ ሲሞከር ሰፈሩን የሚያናውጥ ስፒከር፣ የሞተሩ ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ድምፁ ይጠፋል። ድምፁን በዋናነት የሚውጠው ሄልሜቱን የሚመታው ነፋስ ነው።

ዋቱ እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም። ስፒከሩ ከጆሮ ያለው ርቀት በግማሽ ሲያጥር ግን ወደ 6 ዴሲቤል ይገኛል፣ ያውም ያለ ተጨማሪ ወጪ። ስለዚህ መሪው ላይ፣ ከንፋስ መከላከያው ጀርባ እሰሩት፤ ፊቱንም በቀጥታ ወደ ጆሯችሁ አዙሩት። እግር አጠገብ የታሰረ ስፒከር ከእናንተ ይልቅ ለመንገደኛው ይሰማል። ቤዙን ቀንሱ፤ ክፍት አየር ላይ ትንሽ ስፒከር ቤዝ አያወጣም፣ የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ግን ይበላል።

ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ሳቡ፤ ፊውዙ ከፖዘቲቩ አጠገብ ይሁን። መሪው በተጠማዘዘ ቁጥር የሚታሸው ሽቦ ተልጦ ፍሬሙን ከነካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ያለ ፊውዝ ግጠምልኝ የሚለኝን ደንበኛ እመልሳለሁ።

በመጨረሻም እየነዳችሁ ከኋላ የሚመጣ መኪና ክላክስ ካልተሰማችሁ፣ እባካችሁ ድምፁን ቀንሱት።