ሥራ ፈላጊውን መርዳት፦ የመጓጓዣ ገንዘብ ወይስ የችሎታ ማስረጃ?

በየአጥቢያው በእርዳታ ኮሚቴ የምታገለግሉ ወገኖች ይህን ልመና ደጋግማችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ይመጣና፣ «ሥራ እየፈለግሁ ነው፤ ለመሳፈሪያ ግን የለኝም» ይላል። ኮሚቴው ከሣጥኑ ጥቂት ብር አውጥቶ ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ወር ወጣቱ እንደገና ይመጣል። እንግዲህ ያ ገንዘብ ለቁም ነገር ውሏል ወይ? ገንዘቡ የምእመናን መዋጮ ስለሆነ ጥያቄው ሊነሣ ይገባዋል፤ ደግነቱም በአዲስ አበባ ይኸው ነገር በጥናት ተፈትኗል።

አስቀድመን ሥራ ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ እንመልከት። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸው ሰሌዳዎች የሚገኙት በመሀል ከተማ ነው። ጋዜጣ መግዛት ያልቻለም እንደ አራት ኪሎ ባሉ ስፍራዎች መንገድ ዳር ተከራይቶ ሲያነብ ኖሯል። ዛሬ ብዙ ማስታወቂያ በስልክ ይደርሳል፤ ቢሆንም የትምህርት ማስረጃውን «ዋናውን ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር» ይዞ በአካል መቅረብን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አልጠፋም። በከተማው ዳርቻ ለሚኖር ሰው የአንድ ቀን ፍለጋ የምሳውን ዋጋ ይበላል።

ማስታወቂያው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የሚል ይጠብቀዋል። «ዜሮ ዓመት» የሚል የወጣ እንደሆነ አመልካቹ ይበዛል። የማመልከቻ ክምር ፊት የተቀመጠው የአስተዳደር ሠራተኛም አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር ያጣል፤ ሁሉም ተመሳሳይ የትምህርት ማስረጃ ይዘው ቀርበዋልና። በዚህን ጊዜ የሚያውቀው ሰው የጠቆመለትን ይመርጣል። ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ በአድልዎ ነው ማለት ይከብዳል፤ የማያውቀውን ሰው ችሎታ የሚመዝንበት መንገድ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች ወደ 3,000 የሚሆኑ፣ ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁና ቋሚ ሥራ የሌላቸው የአዲስ አበባ ወጣቶችን ይዘው ሁለቱን ችግሮች ለየብቻ መረመሩ። በዕጣ ተለይቶ አንደኛው ቡድን ወደ መሀል ከተማ የመምጫና የመመለሻ ገንዘብ በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ፣ እዚያው መሀል ከተማ በአካል እየቀረበ ተቀበለ። ሁለተኛው ቡድን የማመልከቻ ደብዳቤና የሲቪ አዘገጃጀትን፣ በቃለ መጠይቅም ጊዜ ራስን ማስረዳትን ተማረ፤ ቀጥሎም በሒሳብ፣ በቋንቋና በመሳሰሉት ተፈተነ። ሥልጠናውንና ፈተናውን ያካሄደው በተለምዶ ኮሜርስ የምንለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ተቋም ለድርጅቶች የቅጥር ፈተና በማዘጋጀት የታወቀ ስለሆነ፣ ውጤቱ የተጻፈበት የምስክር ወረቀት በቀጣሪ ፊት ክብደት ነበረው። ሌላ ቡድን ደግሞ ለማነጻጸሪያ ምንም ሳይደረግለት ቆየ።

ከወራት በኋላ ሁለቱም ቡድኖች መደበኛ ሥራ በማግኘት ምንም ካልተደረገለት ቡድን በለጡ። ከሠለጠኑትና ከተፈተኑት መካከል የጊዜ ገደብ የሌለው ቋሚ ቅጥር ያገኙት በርከት አሉ። ጥናቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «መሳፈሪያውም ይበቃል» እንል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ሲጠየቁ ግን የመጓጓዣው ገንዘብ ያመጣው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። የሠለጠኑት ገቢያቸው ከፍ ብሎ፣ በሥራቸው ረክተውና በአንድ ሥራ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው ተገኙ። አብልጠው የተጠቀሙትም በሥራ ገበያው ዘወትር ወደ ኋላ የሚቀሩት ነበሩ። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል።

መሳፈሪያ መስጠት ይቅር የሚል የለም፤ ሳንቲም የሌለው ሰው ለፈተናም አይቀርብም። ነገር ግን የፕሮጀክት ሠራተኞች በሳምንት አንድ ምሽት ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጠው ማመልከቻ ቢያርሙና ቃለ መጠይቅ ቢያለማምዱ ወጪው ከሻይ አያልፍም። ከአጥቢያው የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤም ቢታሰብበት መልካም ነው። «ጠባይዋ የተመሰገነ ነው» የሚል ደብዳቤ ለማንም ይጻፋል። «የወጣቶችን መዋጮ ሁለት ዓመት በመዝገብ ይዛ ሒሳቡን በየወሩ አስመርምራለች» የሚል ግን ለቀጣሪው የሚጨበጥ ነገር ይሰጠዋል፤ እውነት ከሆነ ማለት ነው።

አንዳንድ አጥቢያዎች ቀጣሪዎችንና ሥራ ፈላጊዎችን በአዳራሽ ለማገናኘት ያስባሉ። ይህም በአዲስ አበባ ተሞክሮ፣ ለ10 ድርጅት 1 ሰው ያህል ብቻ ነበር የተቀጠረው። ወጣቶቹ ገበያው ከሚከፍለው በላይ ደመወዝ ጠብቀው ነበር፤ ድርጅቶቹም በዚያ ከሚያገኙት የላቀ ሠራተኛ ጠብቀው ነበር። ሆኖም ትምህርታቸው ዝቅ ያለው ወጣቶች ከዚያ ቀን በኋላ ግምታቸውን አስተካክለው፣ አጥብቀውም ፈልገው የተሻለ ሥራ ስላገኙ፣ በዕለቱ የተቀጠረውን ብቻ ቆጥሮ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

አንድ ችግር ግን ሥልጠናም የምስክር ወረቀትም አይፈታውም፤ እርሱም ዋስ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ የንብረት ሠራተኛ ወይም ሾፌር ሆኖ የሚቀጠር ሰው ደመወዝተኛ ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ከክፍለ አገር ለመጣና ዘመድ ለሌለው ወጣት ይህ ያገኘውን ሥራ የሚያስቀር ነገር ነው። በጉባኤው መካከል ደመወዝተኛ አይታጣም፤ ነገር ግን ጉድለት ከተገኘ ዋሱ ከኪሱ ይከፍላልና፣ ማንም በይሉኝታ እንዲፈርም መገፋፋት የለበትም። ኮሚቴው ወጣቱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ፤ የዋስትናው የገንዘብ መጠን በቅጹ ላይ ተወስኖ መጻፉንም ዋሱ ሳይፈርም አብሮ ያንብብ።