ከባንኮኒው ጀርባ፣ በአማርኛ

ቀረብ በሉ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ አለቃዬ እዚያ ጥግ ቡናውን ይዞ ቆሟል። አማርኛ አይሰማም። ግን «ቤሬታ» የሚለው የጠመንጃ ስም በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራ ጆሮው ይቆማል።

የምሠራው ደቡብ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ ነው። አዎ፣ ሐበሻ ሴት፣ ጠመንጃ ቤት ውስጥ። እናቴ ለጎረቤት «መደብር ነው የምትሠራው» ትላለች፤ የምን መደብር ብለው ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። የጥይት ካርቶን ደርዳሪ ሆኜ ገባሁ፤ ዛሬ ግድግዳው ላይ ያለው ሾትገን ሁሉ ሲወርድም ሲሰቀልም በእጄ ያልፋል። በኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜ የፌዛንት አደን ሲከፈት ያገሩ ሰው ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ በቆሎ ማሳ ውስጥ ይሰለፋል። ፌዛንትን የማታውቁት ቆቅን አስቡና ረጅም ጅራት ቀጥሉበት፤ አውራው ደግሞ ሙሽራ መስሎ ነው የሚዞረው። ዘሩ ከእስያ የመጣ መጤ ነው። እዚህ አደኑ መጀመሪያ የተፈቀደው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሁን የክፍለ ግዛቱ ወፍ ተብሎ ተሹሟል። መጤ ሲሾም ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ያገሬ ልጅ መጣ። የሥራ ባልደረቦቹ ለአደን ጋብዘውታል። ግድግዳውን አየ። ዋጋውን አየ። እኔን አየ። «እህቴ» አለኝ በለሆሳስ፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ የቱን ልያዝ?»

አለቃዬ ከጥጉ ቀና አለ። አትስጉ። የሐበሻ ሰላምታ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ጤና፣ ሥራ፣ ከብት ሳይቀር የሚጠይቅ መሆኑንና ከሃያ ደቂቃ በታች እንደማያልቅ ድሮ አስረድቼዋለሁ። የዚያን ቀን ሰላምታ እነሆ።

«መጀመሪያ» አልኩት፣ «ሻጭ ደረቱን መትቶ ‹እኔ ራሴ የምተኩሰው በዚህ ነው› ካለህ ፈገግ በልና ዝም በል።» አንዳንድ አምራቾች ዕቃቸው በተሸጠ ቁጥር ለሻጩ ጉርሻ ይሰጣሉ። ኪስ የሚገባ ጉርሻ። ስለዚህ ወር ሲለወጥ የሻጩ ፍቅርም ይለወጣል። በዓይን ትክክል የተሰቀለውንም በጥርጣሬ እየው፤ እዚያ የወጣው አምሮበት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ ያስቃል። ሰዎች እዚህ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ቤኔሊ ይሻላል፣ የለም ፍራንኪ፣ የለም ስቶገር እያሉ ሊደባደቡ ይደርሳሉ። ሦስቱም የቤሬታ ቤተሰብ ናቸው። ገንዘቡ የሚገባው አንድ ቤት ነው! ብራውኒንግና ዊንቸስተር ሲፎካከሩ ያየም እንዳይሸወድ፤ የሁለቱም ሾትገን ከቤልጅጉ ጠመንጃ ሠሪ ከኤፍኤን ጓዳ የሚወጣ ነው፣ ከፊል አውቶማቲኮቻቸውም ፖርቱጋል ነው የሚገጣጠሙት። ወንድማማች ልብስ ቀይሮ ሲጣላ።

የዚህ ሁሉ አባት ጆን ብራውኒንግ ነው፤ የእሱም ታሪክ ያው የገንዘብ ነው። ለዊንቸስተር ዓመታት ሙሉ ንድፉን በአንድ ጊዜ ክፍያ እየሸጠ ኖረ። ራሱ ባዶውን ቀለህ ተፍቶ ቀጣዩን የሚጎርስ ሾትገን ሲሠራ ግን ብልጥ ሆነ። «ከእያንዳንዱ ከሚሸጠው ድርሻዬን» አለ። እምቢ አሉት። ወደ ሬሚንግተን ሄደ፤ በቀጠሮው ቀን፣ እሱ ደጅ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ የኩባንያው አለቃ ማርሴለስ ሃርትሊ በልብ ድካም ሞተ። 1902 ነበር። ብራውኒንግ ኮቱን ለብሶ መርከብ ተሳፈረ፣ ቤልጅግ ወረደ፣ ኤፍኤን ተቀበለው። አውቶ-5 እንዲህ ተወለደች። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ነው። ዛሬም አንድ አንድ ሽማግሌ የአያቱን ይዞ ይመጣል፣ እኛም ልንገዛው ስንጠይቅ ይስቅብናል።

አሁን ወደ ዋናው። ግድግዳው ላይ ከምታዩት ከፊል አውቶማቲክ፣ ማለትም ራሱ ከሚጎርሰው፣ አብዛኛው በሁለት ይከፈላል፤ በጋዝ የሚሠራና በኢነርሺያ የሚሠራ። ሻጮች ይህንን ሲያስረዱ ፊዚክስ የተማሩ ይመስላሉ። እኔ በሚኒባስ ነው የማስረዳው።

«ታክሲ ውስጥ ቆመህ ሾፌሩ ድንገት ነዳጅ ሲሰጠው ምን ትሆናለህ?»

«ወደ ኋላ እወድቃለሁ።»

«አትወድቅም። አንተ ባለህበት ነህ፤ መኪናው ነው ከሥርህ የሄደው።»

ኢነርሺያ ይኼው ነው። ስትተኩስ ጠመንጃው ወደ ትከሻህ ይሸሻል። ውስጡ ያለው ከባድ መዝጊያ ብረት ግን እንደ ተሳፋሪው ባለበት ይቀራል። በመካከል አንዲት አጭር ወፍራም ሞላ አለች፤ ትጨመቃለች። ስትፈታ መዝጊያውን ወደ ኋላ ትወረውረዋለች፤ ቀለሁ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። በቃ። ጥቂት ዕቃ፣ ቀላል ክብደት፣ ጭስና ጥላሸቱም በበርሜሉ በኩል ስለሚወጣ ሆዱ ንጹሕ ነው።

የጋዙ ደግሞ በርሜሉ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ከባሩዱ ጋዝ ትንሽ ይቆነጥርና ፒስቶን ይገፋበታል፤ ፒስቶኑ መዝጊያውን። ሥራው በጊዜ ስለሚዘረጋ ትከሻህ ላይ ምቱ ይለሰልሳል። ዋጋው? ጥላሸቱ እዚያው ውስጡ ይቀራል። ካልወለወልከው አንድ ቀን ይነክስብሃል።

እስካሁን ያልኩት ማስታወቂያውም ላይ አለ። የማይጻፈውን ስሙ። የኢነርሺያው ጠመንጃ ለመሥራት መሸሽ አለበት። ሰደፉን ከግንድ ጋር ብታስደግፈው፣ ወይም ዕቃ እየቀጠልክ ብታከብደው፣ ወይም ለስላሳ ጥይት ብታጎርሰው፣ ሚኒባሱ በደንብ አልተንቀሳቀሰምና ተሳፋሪው አይወድቅም፤ ቀለሁም አይወጣም። ሌላም አለ። አዳኝ ወፏን ላለማስደንገጥ ብሎ መዝጊያውን በእጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ሲመልሰው፣ አንዳንዴ ጥርቅም ብሎ ሳይቆለፍ ይቀራል። ወፏ ትነሳለች፣ ቃታ ይሳባል፣ «ቀጭ» ይላል። ከዚያ ዝምታ። ወፏም ትሄዳለች። መዝጊያን በሞላው ኃይል ልቀቀው፤ ይጩህ።

እና «ተበላሽቷል» ተብሎ ስለሚመለሰው ልንገራችሁ? ይህ የምወደው ክፍል ነው። ሰውየው በንዴት ይመጣል፣ ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ዱብ ያደርገዋል። እኔ በትሕትና ተቀብዬ ጓዳ እገባለሁ። እከፍተዋለሁ። ብዙውን ጊዜ የማገኘው ወይ ፋብሪካው ዝገት እንዳይነካው የቀባው ወፍራም ቅባት ጨርሶ ሳይጠረግ፣ ወይ ባለቤቱ ለእንክብካቤ ብሎ እንደ ዶሮ ወጥ ዘይት ያፈሰሰበትን ነው። የዳኮታ ብርድ ሲመጣ ያ ዘይት ማር ይሆናል። መዝጊያው ማር ውስጥ እንዴት ይሩጥ? እጠርገዋለሁ፣ በጠብታ እቀባዋለሁ፣ ትንሽ አዘግይቼ እመልሰዋለሁ። ማዘግየቱ አስፈላጊ ነው። በአምስት ደቂቃ ብመልስለት «ምንም አልሠራችሁም» ይላል።

ያገሬ ልጅ ሳቀ። አለቃዬ ደግሞ ቀና አለ። «እናቱ ደህና ናቸው» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ሦስት ተኩል ኢንች ነው። የጥይቱ ርዝመት ማለት ነው። ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ዳክዬና ዝይ ጥይቱ ውስጥ በሚሞላ የእርሳስ ፍሬ መግደል ክልክል ሆነ፤ ወፎቹ ከውኃው ሥር ፍሬውን እየለቀሙ ይመረዙ ነበር። በእርሳስ ምትክ ብረት መጣ። ብረት ቀላል ነው፣ ስለዚህ ትልቅ ትልቁን ፍሬ፣ ብዛት ያለውን መያዝ አስፈለገ፤ ረጅሙም ጥይት በዚያው ሰሞን ገበያውን ያዘ። ዛሬ «ሁሉንም የሚጎርስ» እየተባለ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠየቅበታል። ከገዙት ስንቱ ነው ያንን ጥይት በካርቶን የሚገዛው? ጥቂት። አንድ ጊዜ ይተኩሱታል፣ ትከሻቸውን ይዳብሳሉ፣ ሁለተኛ አይመለሱም። ለፌዛንት ሁለት ከሦስት ሩብ ይበቃል፤ ለዳክዬ ሦስት ኢንች።

«ታዲያ 20 ጌጅ ቀለል ያለውን ልግዛ?» አለኝ። ጌጅ የበርሜሉ ስፋት ነው፤ 20ው ከ12ው ይጠባል።

ይህችን ሴቶች በደንብ ስሟት፤ ለእኛ ነው የሚያቀርቧት። «ለእርስዎ ቀላሉን» እያሉ። ቀላል ጠመንጃ መሸከም ደስ ይላል፤ ሲተኩስ ግን ምቱን የሚውጥ ክብደት ስለሌለው ለአንቺ ያስረክባል። ለስለስ ያለ ከፈለግሽ 20 ጌጅ በጋዝ የሚሠራው ይሻላል። አንድ ነገር ግን ሳልስቅ እናገራለሁ፤ የ20ው ቀለህ ቢጫ የሆነው በምክንያት ነው። ከ12ው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አታስቀምጡ። ትንሹ ተንሸራቶ በርሜል ውስጥ ሲቀረቀር፣ ከኋላው ትልቁ ይገባል። ቀሪውን አልነግራችሁም።

አሁን ትልቁ ምሥጢር፤ ምንም ጉርሻ የማይከፈልበት። ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም። የኋላ ማነጣጠሪያው ዓይንህ ነው። ስለዚህ ሰደፉ ከጉንጭህና ከትከሻህ ካልገጠመ በ500 ዶላርም ብትገዛ በ2,000ም ወፏን አታገኛትም። አንዱን ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይቼ ሰጠሁት። «ዓይንህን ጨፍን። ወደ ትከሻህ አምጣ። ግለጥ። ምን ታያለህ?»

«የብረቱን ጀርባ።»

ዝቅ ብሎበታል። ሌላ ሰጠሁት። «አሁን?»

«ጫፉ ላይ ያለችውን ዶቃ። ቀጥ ብላ።»

አየህ! ያ ነው። ያም ባይሆን ብዙዎቹ አዲሶች ሳጥናቸው ውስጥ ሰደፉን ከፍ ዝቅ፣ ግራ ቀኝ የሚያደርጉ ስስ ስስ ሽብልቆች አሏቸው። አምራቹ ከፍሎ ይሠራቸዋል፤ ገዢው ከሳጥኑ ጋር ይጥላቸዋል። እና ካፖርትህን ለብሰህ ሞክር። በቲሸርት ልክ የነበረ ሰደፍ በክረምት ካፖርት ላይ ይረዝማል፣ ብብትህ ሥር ይያዛል።

ፍጥነት ልጨምር፤ አለቃዬ ቡናውን ጨረሰ። ዳክዬ ካሰብክ የጥይት ቱቦው ውስጥ ውታፍ ይኑር፤ ለተሰዳጅ ወፎች ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም። አንዲት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ናት፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ ሲቆጥር ግን ዋጋዋን ታውቃለህ። ለብረት ፍሬ በጣም የጠበበውን ቾክ፣ የበርሜሉን አፍ ማጥበቢያ ማለቴ ነው፣ አትጠቀም፤ «ሞዲፋይድ» ይበቃል። አዲስ ጠመንጃ ላይ የምናተርፈው ትንሽ ነው፤ የምንኖረው በቦርሳው፣ በማንገቻው፣ በቅባቱ ነው። ስለዚህ በጠመንጃው ዋጋ ስትከራከረኝ አዝናለሁ፣ በማንገቻው ስትከራከረኝ ግን እደነግጣለሁ። ደግሞ ታገስ። የአደኑ ወቅት ሲዘጋ ያገለገሉት መደርደሪያ ይሞላል፤ አንድ ወቅት ብቻ የወጡ፣ የትከሻ ሕመም ያስመለሳቸው፣ ሚስት ያየቻቸው።

ወቅቱ ሲዘጋ ያገሬ ልጅ ተመልሶ መጣ። ያገለገለ፣ በጋዝ የሚሠራ፣ 12 ጌጅ፣ ሦስት ኢንች። ስሙ ብዙ የማይወራለት። ዶቃዋን ቀጥ አድርጎ አየባት። የገዢ ቅጹን ሞላ፣ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያውን አለፈ፣ የተረፈውን ገንዘብ ጥይት ገዛበት፤ በሸክላ ዒላማ ሊለማመድ። እናቱ ግን በስልክ አንድ ነገር ጠይቀውታል፤ ሳይባረክ በጥይት የወደቀ ወፍ ይበላል ወይ? ለዚያ እኔ ቅናሽ የለኝም፣ የንስሐ አባትህን አልኩት።

ሲወጣ አለቃዬ ጠጋ አለኝ። «ያን ውድ የሆነውን ለምን አልገዛም?»

«ቤተሰቡ ብዙ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ትናንት ሁለት ሐበሾች በሩን ከፍተው ሲገቡ ከሩቅ ጠቀሰኝና፣ «ሂጂ፣ ስለ እናታቸው ጠይቂያቸው» አለ፤ «ዛሬ ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨርሺ።»