የቆየ ፕሮሰሰርን ፍጥነት ለመጨመር ምን ያህል ቮልቴጅ ይበቃል?

ኮምፒውተር አርጅቶ ሥራ ሲያጓትት፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ የነባሩን ፕሮሰሰር ፍጥነት አምራቹ ከወሰነለት በላይ ከፍ አድርገው ለመጠቀም የሚሞክሩ ጥቂት አይደሉም። በሙያው አጠራር ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው ይህ አሠራር ጉዳት የሚያስከትለው ግን በአብዛኛው በፍጥነቱ ሳይሆን፣ ፍጥነቱን ለመደገፍ ሲባል በሚጨመረው ቮልቴጅ ምክንያት ነው።

ኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2007 መጀመሪያ ላይ ለገበያ ያቀረበው ኮር 2 ኳድ ኪው6600 ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። የዚህ ባለአራት ኮር ፕሮሰሰር መደበኛ ፍጥነት 2 ነጥብ 4 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ይህም የሚገኘው 266 ሜጋኸርዝ የሆነው የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ምት በ9 ተባዝቶ ነው። አባዢው ከ9 በላይ እንዳይወጣ የተቆለፈ በመሆኑ፣ ፍጥነት የሚጨመረው ምቱን ከፍ በማድረግ ብቻ ነው። ምቱ 333 ሲደርስ ፕሮሰሰሩ 3 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ከምቱ ጋር የሜሞሪው ፍጥነትም አብሮ ስለሚያድግ፣ አስቀድሞ የሜሞሪውን ምጣኔ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በሜሞሪው የተፈጠረው ስህተት በፕሮሰሰሩ ይሳበብና ያለአግባብ ቮልቴጅ ይጨመራል።

ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን ከ2 ነጥብ 4 ወደ 3 ጊጋኸርዝ፣ ቮልቴጁን ደግሞ ከ1 ነጥብ 25 ወደ 1 ነጥብ 40 ቮልት ያሳደገ ሰው፣ የፕሮሰሰሩን የኃይል ፍጆታ ከግማሽ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር የወሰነው የቮልቴጅ ክልል ከ0 ነጥብ 85 እስከ 1 ነጥብ 5 ቮልት ነው። ይሁንና 1 ነጥብ 5 ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ ከፋብሪካ የሚወጡት የተለያየ ቮልቴጅ ተመድቦላቸው ስለሆነ፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር የሠራበትን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም።

ተገቢው አካሄድ ቮልቴጁን ባለበት ትቶ ምቱን በ10 ሜጋኸርዝ ያህል እያሳደጉ በየደረጃው መፈተሽ ነው። ፈተናው ሲከሽፍ ብቻ ባዮሱ የሚፈቅደውን አነስተኛ ጭማሪ ሰጥቶ እንደገና መፈተሽ ይገባል። ትንሽ ፍጥነት ለማግኘት ብዙ ቮልቴጅ የሚጠየቅበት ደረጃ ላይ ሲደረስ መመለስ ይሻላል።

ብዙዎች ዊንዶውስ መከፈቱን እንደ ማረጋገጫ ሲወስዱ ይታያል። ይህ የተሳሳተ ግምት ነው። ለጥቂት የሚያንሰው ቮልቴጅ ኮምፒውተሩን ሳያቆም ስሌቱን ብቻ ሊያዛባ ይችላል። የደመወዝ ሠንጠረዥ ወይም የሠራተኛ መረጃ በያዘ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ማንም ሳያውቀው ተመዝግቦ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ሥራው በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ባይሞከር ይመረጣል። ለእነዚህ ሜሞሪ መጨመር ወይም ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት በቂ መሻሻል ያመጣል። በግል ኮምፒውተሩ ለሚሞክር ግን ፕራይም 95 የተባለው ፕሮግራም ጠቃሚ ነው። ፕሮግራሙ ውጤቱን አስቀድሞ ከሚታወቅ መልስ ጋር ስለሚያመሳክር የተደበቀውን ስህተት ያጋልጣል፤ ለበርካታ ሰዓታት ያለማቋረጥ መሥራት ግን አለበት።

በባዮስ የተሞላው ቮልቴጅ በሥራ ጫና ወቅት በመጠኑ ዝቅ ብሎ ይታያል። ጫናው በድንገት ሲነሳ ቮልቴጁ ከልክ በላይ እንዳይዘል ታስቦ የተደረገ በመሆኑ እንደ ብልሽት ሊቆጠር አይገባም። መመዘን ያለበትም ፈተናው በሚካሄድበት ጊዜ የሚነበበው ቁጥር ነው።

ሙቀትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ በ2007 አጋማሽ ለወጣው ጂ0 ለተባለው የዚሁ ፕሮሰሰር እትም በሽፋኑ ላይ የተፈቀደው ጣሪያ 71 ዲግሪ ሴንትግሬድ ሲሆን፣ ከእርሱ ለቀደመው ቢ3 ደግሞ 62 ዲግሪ ገደማ ነው። ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ያው ማራገቢያ በባህር ጠረፍ ካለ ከተማ ያነሰ ሙቀት ያስወግዳል። ማራገቢያው አቧራ ከያዘና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ከደረቀ ደግሞ ቮልቴጅ ከመንካት በፊት እነዚህን ማጽዳትና መቀየር ይቀድማል።

ከተደረገው ለውጥ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፣ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ማውጣት ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሰዋል።